በወሰን ላይ የቆመ ቤት

ኩርዋይ፣ ዊመራ
ኖቬምበር 12፣ 1876

ለታምሲን፣

እንደምን ከርመሻል ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ደህና መሆንሽን ግን ከላክሽው ጨርቅ አውቄዋለሁ፤ የታመመ ሰው ሰማያዊ አይመርጥም። እኔም አልሞትኩም። ቀሚስ ግን አልሰፋሁበትም፤ የት ልሄድበት?

«ጽሕፈትዎ ተሻሽሏል» ብለሽኛል። ከባልቴት ጋር አትቀልጂ። የአምናውን ክረምት ሙሉ ግድግዳው ላይ በከሰል ፊደል ስታስቆጥሪኝ ለእኔ ያዘንሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው መሄጃሽን እየጠረግሽ ኖሯል። መጻፍ የምትችል አሮጊት ብቻዋን ብትቀር ለማንም አታሳዝንም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ የመሬት ተቆጣጣሪው መጥቷል። ከተማ ገብተሽ ሕጉን የረሳሽው ስለሚመስለኝ ላስታውስሽ። መንግሥት የላይኛውን መሬት ለእኔ፣ የታችኛውን ለአንቺ የሰጠን ሦስት ዓመት ልንኖርበት ነው። መኖር ማለት ማደር ነው። ለሁለት ቤት የሚበቃ እንጨት ስላልነበረን አንዱን ቤት ወሰኑ ላይ አቆምነው። የእኔ አልጋ በእኔ መሬት፣ የአንቺ አልጋ በአንቺ መሬት፣ በመካከል የድንጋይ መስመር። እዚህ አገር እንዲህ ያላደረገ የለም፤ ጎረቤቶቻችን ሹልዘዎችም እንዲሁ ነው የሚኖሩት። አልጋ ግን ሰው ይፈልጋል። በማርች «ለሦስት ወር ሰው ቤት ሠርቼ የዱቄት መግዣ ይዤ እመጣለሁ» ብለሽ ወጣሽ። ስምንት ወር ሆነሽ። ኩሬው ደግሞ ያለው በአንቺ ወሰን ውስጥ ነው። ያለ ኩሬው የእኔ መሬት ለእንሽላሊት እንኳ አይሆንም።

ተቆጣጣሪው ዊክስ ሳያንኳኳ ገባ። ባርኔጣውንም አላወለቀም። እጁን ብርድ ልብስሽ ሥር ሰድዶ ሙቀት ፈለገ። አገኘም። ከሄድሽ ጀምሮ በአንቺ አልጋ ላይ የማድረው እኔ ነኝ፤ ያልተተኛበት አልጋ ያስታውቃላ። ቀሚስሽ ከሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጫማሽንም አልፎ አልፎ ጭቃ አስነካዋለሁ።

«ልጅቷ የት አለች?» አለ።

«በግ ፍለጋ ወጥታለች።»

«ባለፈውም በግ ፍለጋ ነበረች።»

«በጎቹም ባለፈው ጠፍተው ነበር።»

ሳቅ አለ። ቀጥሎ ማበጠሪያሽን ከመደርደሪያው አንሥቶ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ከጥርሶቹ መካከል አንድ ፀጉር መዘዘ። ረጅም ነው፤ ነጭ ነው።

«ወይዘሮ ትሬምባት፣ የልጅ ልጅዎ ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሃያ።»

«በሃያ ዓመቷ ሸበተች?»

«አንተም እዚህ አገር መሬት ያዝና እየው፤ ካልሸበትክ ምን አለ በለኝ።»

በዚህኛው አልሳቀም። ፀጉሩን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ሲወጣም ፌብሩዋሪ ስድስት ቀን የመሬት ቦርዱ እንደሚቀመጥና ከሳሻችን ጊልክሪስት፣ የትልቁ የበግ ርቢ ሥራ አስኪያጅ፣ እንደሆነ ነገረኝ። ጊልክሪስት የሚፈልገው መሬትሽን አይደለም፤ ኩሬሽን ነው።

ለገና ድረሺ። ተመልሰሽ ከተገኘሽ የሄድሽበትን ማንም አይመረምርም። ምክንያት አልጠይቅሽም።

አያትሽ
ኬዛያ ትሬምባት


ሳንድኸርስት
ኖቬምበር 26፣ 1876

ውድ እማማ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኝ በጣም ደስ አለኝ። ላሚቱ እንዴት ናት? ወይዘሮ ሹልዘስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እዚህ ሙቀቱ ጀምሯል፤ የማዕድኑ መፍጫ ድምፅ ቀንም ሆነ ማታ አያቋርጥም፣ አሁን ግን ለመድኩት። ሻይና መርፌ ልኬልዎታለሁ። ሻዩ ከደህናው ነው፤ ለእንግዳ ብለው እንዳይደብቁት።

ለገና መምጣት ስለማልችል ይቅር ይበሉኝ። እመቤቴ ታመዋል፤ በዚህ ጊዜ ጥያቸው ብወጣ የሚይዘኝ ሌላ ቤት አላገኝም። ለቦርዱ «ለጊዜው ለሥራ ሄዳለች» ብለው ቢነግሯቸውስ? ብዙ ልጃገረዶች ለሥራ ይወጣሉ። እውነት ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር። እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ የሞተችው ምን ሆና ነው? በፊት ስጠይቅዎ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይወጡብኝ ነበር። አሁን በወረቀት ስለሆነ መውጣት አይችሉም።

እባክዎ በእኔ አይዘኑ።

ልጅዎ
ታምሲን


ኩርዋይ
ዲሴምበር 10፣ 1876

ለታምሲን፣

በወረቀትም መውጣት ይቻላል። ይኸው ወጣሁ።

ሃያ ዓመት ሙሉ አልፎ አልፎ ስትጠይቂኝ የነበረውን ነገር አሁን ምን አስቸኮለሽ? እኔ ያረጀሁት በዓይኔ እንጂ በጭንቅላቴ አይደለም። ማነው ሰውዬው? መልሱን አሁን አልፈልገውም። አንቺ ግን ጥያቄውን እንደሰማሽው እወቂ።

«ለጊዜው ሄዳለች» በይ አልሽኝ። ለጊዜው የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያንን ማድረግ የነበረብሽ በማርች ነው። አሁን ብነግራቸው ዘጠኝ ወር ዋሽቻለሁ ማለቴ ነው። ለዊክስ የነገርኩት የበግ ወሬ ነው፤ የበግ ወሬ ደግሞ ለሰማይ አይደርስም። በቦርዱ ፊት ግን መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው ነው የሚጠይቁት። ወይዘሮ ሹልዘ «ትንሽ ዋሽተሽ ብዙ ንስሐ ግቢ» አለችኝ። «አንቺ ሉተራን ነሽ፣ ለእናንተ ምሕረት በጅምላ ነው የሚመጣው፤ እኛ ሜቶዲስቶች በችርቻሮ ነው የምንገዛው» አልኳት። ከሳቋ የተነሣ የያዘችው ወተት ፈሰሰ። ስትጨርስ ግን፣ «ኬዛያ፣ ውኃው ከሄደ ምን ትሆኛለሽ?» አለችኝ።

ጊልክሪስትም መጥቶ ነበር። ከፈረሱ አልወረደም። እሱ ሲያወራ ፈረሱ ከኩሬሽ ይጠጣል።

«ኬዛያ፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» አለኝ።

«ወይዘሮ ትሬምባት በለኝ።»

«ወይዘሮ ትሬምባት፣ ይህ ውኃ እኮ እስከ ማርች አይደርስም።»

«ፈረስህን ካነሣህልኝ ይደርሳል።»

«ልጅቷ እንደማትመለስ አንቺም እኔም እናውቃለን። ቦርዱ ዘንድ ሳንደርስ ብትለቂልኝ ቤቱን ትቼልሽ ነበር።»

«ግማሹን ቤት» አልኩት። «ግማሹ የእኔ ነው። ልትተውልኝ የምትችለው ማብሰያውንና አንድ አልጋ ነው።»

ሲሄድ ብዙ አሰብኩ። አባቱ እዚህ የነበሩትን የአገሩን ሰዎች ከዚሁ ውኃ ሲያባርር ማንም ምን አደረግህ አላለውም። እኛም ስንመጣ እነሱ የቆፈሩትን አሰፋነው እንጂ የማን ነበር ብለን አልጠየቅንም። አሁን ተራው የእኔ ሆነ መሰለኝ። ይህን ለሌላ ሰው አልጽፈውም።

ሻዩን ደብቄዋለሁ።

ኬዛያ


ሳንድኸርስት
ዲሴምበር 20፣ 1876

ውድ እማማ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን ኤልያስ እንዳልቀድደው አጠገቤ ቁጭ ብሏል።

ስሙ ኤልያስ ሮዳ ነው። የእኛው አገር ሰው ነው፤ አባቱ ከኮርንዎል የመጡ ናቸው፣ በጸሎት ቤትም ከኋላ ሆኖ ይዘምራል። የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚሠራው። ጁላይ ላይ ተጋባን። ልጁ የሚወለደው በማርች መጨረሻ ነው።

ያልነገርኩዎ ይቆጡኛል ብዬ ብቻ አይደለም። ያገባች ሴት በስሟ መሬት አትይዝም ይላሉ። እርስዎ ካወቁ ደግሞ ለዊክስ መናገር ወይም መዋሸት ሊኖርብዎ ነው። ካላወቁ ግን የበግ ወሬውን ይዘው መቆየት ይችላሉ ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ደግነት አይመስልም።

እማማ፣ መሬቱን ይተዉት። ለጊልክሪስት ይልቀቁለትና ይምጡ። ሁለት ክፍል ነው ያለን፤ በጓሮ በኩል ያለችው የእርስዎ ናት። ውኃ በቧንቧ ይመጣል። አልቀለድኩም፣ በቧንቧ። ስድሳ አራት ዓመትዎ ነው፤ ከዚህ በኋላ ባልዲ ለምን ይሸከማሉ?

ኤልያስም ሰላም ብሎዎታል። በጣም ይፈራዎታል።

ታምሲን


ኩርዋይ
ጃንዋሪ 1፣ 1877

ደብዳቤሽ ደረሰኝ።

ያ ሰማያዊ ጨርቅ ከሠርግ ቀሚስሽ የተረፈ ነው አይደል? አሁን የኩሬውን ውኃ አጣራበታለሁ። ጭቃው ከውስጡ አልወጣም ብሏል።

ስለ ባልዲው አታስቢ።

ኬ. ትሬምባት


ሳንድኸርስት
ጃንዋሪ 11፣ 1877

እማማ፣

በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ከጨርቁ በቀር ጥያቄ ባይኖርም ይኸው እመልሳለሁ።

ፌብሩዋሪ ስድስት ቀን ቦርዱ ፊት እቀርባለሁ። የእመቤቴን አሮጌ ኮት ተውሻለሁ፤ ሰፊ ስለሆነ ምንም አይታይም። ቀለበቱን እዚህ ትቼው እመጣለሁ። ከማርች ወዲህ በታችኛው መሬት እንዳደርኩ፣ ባል እንደሌለኝ፣ እምላለሁ። መጽሐፉን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እርስዎ አፍዎን መክፈት የለብዎትም። ኃጢአቱም የእኔ ይሆናል። ኩሬው ከቀረልዎ በኋላ እንደምንም አንድ ዘዴ እንፈልጋለን።

ኤልያስ አልወደደውም። «በሕይወት ያለሁትን ሰውዬ በመጽሐፍ ልትገድይኝ ነው?» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አያናግረኝም። ግን አልከለከለኝም።

አይምጪ ካሉኝ አልመጣም። አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ።

ታምሲን


ኩርዋይ
ጃንዋሪ 18፣ 1877

ነይ።

ኮቱን በሙቀቱም ቢሆን እንዳታወልቂው፤ ወባ ይዞኛል በይ። ፌብሩዋሪ አምስት ቀን በሚገባው የፖስታ ሠረገላ እስከዚህ ድረስ አትምጪ፣ ሰው ያይሻል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ውረጂ፣ የሹልዘ ልጅ በጋሪ ያደርስሻል። ቤት አትግቢ፣ እነሱ ዘንድ እደሪ።

ስንት በግ አለን ቢሉሽ ሰላሳ አንድ። ኩሬው ያለበትን ደረጃ ቢጠይቁሽ እስከ ሁለተኛው ችካል ወርዷል በይ። ባለፈው ወር አጥሩ የወደቀው በምዕራብ በኩል ነው፤ ያቆምነው አንቺና እኔ ነን። ዊክስ ስለ ማበጠሪያው ይጠይቃል። በጋራ ነው የምናበጥረው በይው።

ዓይኑን እያየሽ ተናገሪ። ወደ እኔ አትመልከቺ።

ኬዛያ


ኩርዋይ
ፌብሩዋሪ 13፣ 1877

ለታምሲን፣

ቦርዱ ፊት ለምን እንደተነሣሁ ጠይቀሽኛል። ባልሽም በደብዳቤሽ ግርጌ በራሱ እጅ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጽፏል። ምስጋናውን መልሰሽ ስጪው፤ ለእሱ ብዬ ያደረግሁት ነገር የለም።

እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። ሰላሳ አንድ በግ አልሽ፣ ትክክል ነበር። አጥሩን አልሽ፣ ትክክል ነበር። ማበጠሪያውን ስትይ ሰው ሳቀ፣ ዊክስም ቀላ፤ እኔም በሆዴ ‘ኩሬውን አተረፍነው’ አልኩ። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ «ባል አለሽ?» አለሽ። አፍሽን ከፈትሽ። አንቺ ሳታውቂው ግን ግራ እጅሽ በኮቱ ውስጥ ገብታ ሆድሽን ጫን አደረገችው፤ የሕፃን ጆሮ እንደምትሸፍኚ ዓይነት። የምትይውን እኔ ነበርኩ ያስጠናሁሽ። መስማት ግን አቃተኝ። እናቱ ሳይወለድ የካደችው ልጅ እንዲኖርሽ አልፈለግሁም፤ ለኩሬ ሲባል ደግሞ ጨርሶ አልፈለግሁም።

«አቁማት» አልኩ። «ባል አላት። እርጉዝ ናት። ከማርች ወዲህ ቤቴ አልገባችም።»

አንቺ እስከዚህ ድረስ ነው የሰማሽው። እያለቀስሽ ወጥተሽ ጋሪው ላይ ወጣሽ። የሹልዘ ልጅም አንድ ሰው ሲያለቅስ መቆም አያውቅምና ነድቶ ሄደ። የቀረውን ማንም አልነገረሽም።

«ታዲያ በአልጋው ላይ የተኛው ማነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«እኔ።»

ሰው ሳቀ። ጊልክሪስት ግን አልሳቀም። ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለው። ጸሐፊው ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ይመስላል፤ የጠየቀኝ እሱ ነው።

«ወይዘሮ ትሬምባት፣ በልጅቷ አልጋ ላይ ያደሩት እርስዎ ከሆኑ፣ በእርስዎ መሬት ላይ ያደረው ማነው?»

ታምሲን፣ ያንን የድንጋይ መስመር ያሰለፍኩት በገዛ እጄ ነው። ወሰኑ በዚያ እንደሚያልፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረውን ጊዜ የአንቺን አልጋ ሳሞቅ የእኔ ባዶውን አድሯል። ከአንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ፣ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ከመሬቴ ውጭ ስኖር ከረምኩ። አንቺን «አደራሽን ትተሽ ጠፋሽ» ብዬ ስሰድብሽ እኔም ጠፍቼ ነበር። ተቆጣጣሪው ብርድ ልብስሽን ሲዳስስ ወዲያኛውን አልጋ ቢነካው ኖሮ ያን ቀን ያልቅልኝ ነበር። የዘጠና ሰው አፍ ባንድ ጊዜ ሲስቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሹልዘዎች ብቻ አልሳቁም፤ እነሱም ቤታቸው ወሰን ላይ ስለሆነ ነው።

የተፈረደው ይህ ነው። የታችኛው መሬት ተወስዷል። ጊልክሪስት በማግስቱ ኩሬውን አጠረው፤ አዲስ ሽቦ ነው፣ ያብለጨልጫል። የቤቱን ግማሽ ማንም አላፈረሰውም፤ እኔ ግን መስመሩን አልሻገርም፣ ምግቤንም ውጭ ነው የማበስለው። የላይኛውን አልወሰዱብኝም። ያለፈው ጊዜ ግን አይቆጠርልሽም፣ ዓመቱን እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ አሉኝ። ዊክስ በወር በወሩ እየመጣ ያያል። አንድ ጊዜ ካጣኝ አለቀ።

እና «ለምጤ ይምጡልኝ» ላልሽው፣ አልችልም። ውኃ ከወንዙ ነው የማመጣው፣ በላሚቱ ጀርባ። ከቤት የምወጣው ለእሱ ብቻ ነው። አዋላጅ አላችሁ፣ ሐኪም አላችሁ፣ ውኃውም በቧንቧ ይመጣል ብለሽኛል። እኔ የቀረኝ ይህ ድንጋይ ነው። ለዚህ ድንጋይ ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ለማንም አልተወውም።

አትቆጪኝ አልልሽም። ተቆጪ።

ኬዛያ


ሳንድኸርስት
ፌብሩዋሪ 25፣ 1877

እማማ፣

አልተቆጣሁም። ለመቆጣት ጉልበት የለኝም።

እግሬ አብጧል፤ ጫማ አልገባ ብሎኛል። ከሐሙስ ጀምሮ ራሴን ያዞረኛል፤ ትናንት ደግሞ ትንሽ ደም አየሁ። አዋላጇ ወይዘሮ ፔንግሊ ጥሩ ሴት ናቸው። «እናትሽስ እንዴት ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። «እንዴት አታውቂም?» አሉኝ። ምን ልመልስ? በዓለም ላይ ያ ቀን እንዴት እንደነበረ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አይናገርም።

ከመሬትዎ መውጣት እንደማይችሉ ገብቶኛል። ስለዚህ እኔ እመጣለሁ። ኤልያስ እብድ ነሽ ይለኛል፤ ግን ይዞኝ እንዲመጣ አስምዬዋለሁ። የፊታችን ሳምንት ሐሙስ በሚነሣው ሠረገላ ቦታ ይዘናል። በላይኛው በኩል፣ በእርስዎ አልጋ ላይ እወልዳለሁ። ውኃውን ኤልያስ ይቀዳል።

አይምጪ እንዳይሉኝ። በዚህኛው አልሰማዎትም።

ታምሲን


ኩርዋይ
ማርች 1፣ 1877

ታምሲን፣

ባለሽበት ቆዪ። ከአልጋ አትውረጂ፤ ለምንም ቢሆን። ለውኃም፣ ለእንግዳም፣ ለእኔም። እግርሽን ከራስሽ ከፍ አድርጊና በግራ ጎንሽ ተኚ። ሠረገላ ላይ ከወጣሽ፣ ያ መንገድ ሁለታችሁንም ሳያደርስ ይጨርሳችኋል። ባልሽ የተከፈለበትን ቦታ ለሌላ ሰው ይስጠው።

ለወይዘሮ ፔንግሊ ይህን አንብቢላት። የእናትሽ እግርም እንዲሁ አብጦ ነበር፣ ራሷንም እንዲሁ ያዞራት ነበር። ምጡ አልገደላትም፤ ምጡን ችላዋለች። ልጁ ከወጣ በኋላ ነው። ሁሉም አለቀ ብሎ እጁን ሲታጠብ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እጁን ከሆድሽ ላይ ሳያነሣ መቀመጥ አለበት። የቀረውን ለወረቀት አልሰጠውም፤ ለእሷ በአፌ እነግራታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣው ሠረገላ እኔንም ያመጣኛል። ምናልባት አንድ ቀን ይቀድመኝ ይሆናል፤ ፈረስ መለዋወጫው ጣቢያ ላይ ሴት ብቻዋን ስትሆን ቦታ ይነፍጓታል። ቢሆንም እደርሳለሁ።

ዛሬ ዊክስ መጣ። በሩን ከውጭ በገመድ ሳስር አገኘኝ።

«ወዴት ነው፣ ወይዘሮ?»

«ሳንድኸርስት።»

«ለስንት ሌሊት?»

«እስክትወልድ። ከዚያም በእግሯ እስክትቆም።»

«ተመልሰው ካላገኘሁዎ ትተውት ሄዱ ብዬ ነው የምጽፈው። እንደሱ ነው ሥርዓቱ፤ እኔ ልረዳዎ አልችልም።»

«ማን እርዳኝ አለህ? ጻፍ። ግን በትክክል ጻፈው፤ ቆልፋ ሄደች በል።»

በሩን አየው። «ቁልፍ አለው እንዴ?»

«የለውም።»

እርሳሱን በምላሱ አርጥቦ ጻፈ። ማንበብ እንደምችል አያውቅም፤ ስለዚህ መዝገቡን ከፊቴ አልሸሸገውም። ከላይ ወደ ታች ተገልብጦ አነበብኩት። «ትታ ሄደች» ይላል። አልተከራከርኩትም።

ላሚቱን ለወይዘሮ ሹልዘ ሰጥቻታለሁ። አለቀሰች፤ ላሚቱን አይታ ይሁን እኔን አይታ አልለየሁም። በጎቹን ሽማግሌው ሹልዘ ይሸጣቸዋል።

አሁን ይቅር ብላኛለች ብለሽ እንዳታስቢ። ከእናንተ ጋር ልኖር መምጣቴም አይደለም፤ ያንን ልጅሽ በሰላም ካለቀሰ በኋላ እንጣላበታለን። ለባልሽ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው። ከሠረገላው የምወርደው ሁለት ዶሮ በእጄ አንጠልጥዬ ነው፤ ለወላድ ሾርባ ከከተማ ዶሮ አይሠራም። ሰው ይስቅብኛል ብሎ ከኋላ እንዳይደበቅ። ቀድሞ መጥቶ አንዷን ይቀበለኝ።

ኬዛያ ትሬምባት